የለማጁ ቁልፎች

ክራንቻ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነበር። ሥራው ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች በሚልኩለት የድድ ልክ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ይውላል። ግን በሥራው ብቻ የሚሳበብ ነገር አይደለም። በሰው አፍ ውስጥ ጉድለት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የተዛነፈ፣ የበለዘ ወይም የተሸረፈ ካየ፣ ሰውየው ምንም ቁም ነገር ቢያወራ፣ «በዚህ አፍህ ደግሞ!» ይላል በልቡ። ሐኪሞቹን ይንቃል፤ ልክ መውሰድ እንኳ የማይችሉ ናቸው። ታካሚዎቹን ይንቃል፤ የገዛ ጥርሳቸውን መጠበቅ ያቃታቸው ናቸው። አብረውት ጀሶ የሚያቦኩትን ባልደረቦቹንማ ከቁብም አይቆጥራቸውም። ክራንቻ የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ነው። መጀመሪያ ለኮምፒውተር ጨዋታ ብሎ ነበር፤ ኋላ ሰው ሁሉ ለመደውና ቤትም ሥራ ቦታም ክራንቻ ሆኖ ቀረ።

ጨዋታው የተኩስ ጨዋታ ነው። ሰዎች በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት አንድ ሰርቨር ላይ ይገናኙና በሁለት ቡድን ተከፍለው ይታኮሳሉ። ክራንቻ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ነው፣ ጎበዝ ነበር። በዚያ ሰርቨር የሚስተካከለው አልተገኘም። ጉብዝናው ደግሞ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ጨዋታው ሲገዛ እንደነበረ የቀረ ቁልፍ የለም፤ መሮጫውን፣ መዝለያውን፣ ማጎንበሻውን፣ ጥይት መሙያውን፣ ሁሉንም ለጣቶቹ እንዲመቸው አዘዋውሮታል። ይህ የሚሠራው ኮንሶል በሚሉት ነገር ነው፤ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ከላይ ተዘርግቶ ስክሪኑን የሚሸፍን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት። «ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህ ይሁን» ብለህ ትጽፍበታለህ፣ ቁልፉ ከትእዛዙ ጋር ይታሰራል። ተጫዋቾቹ ባይንድ ማድረግ ይሉታል።

ክራንቻ ታዲያ ስድቡንም ባይንድ አድርጎት ነበር። የኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ቁልፎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስድብ ተሸክመዋል። ሰው ከገደለ በኋላ አንዷን ጫን ሲያደርግ፣ ሁሉም በሚያነበው ቻት ላይ «ዓይንህን ለማን አውሰህ መጣህ?» የሚል ይወጣል። ሌላዋን ሲጫን «አንተን ለመግደል ጥይት ማባከን ያሳዝናል»። ሌላዋን ሲነካ «ሂድና ለእናትህ ሽንኩርት ላጥላት»። ለምን እየጻፈ እንደማይሳደብ ጠይቀውት ያውቃሉ። መጻፍ ጊዜ ይፈጃል፤ እናንተ ደግሞ ጊዜ የሚጠፋባችሁ ሰዎች አይደላችሁም፣ አላቸው።

የሚኖረው በታላቅ እህቱ ግቢ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እህቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ስታዝ ቤቷንና ትምህርት ቤቷን አትለይም። ባሏ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነው። ትልቅ ሰውነት አለው፣ ሲናገር አይቸኩልም፣ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ መሀል ክፍተት አለ። ክራንቻ «ጋሼ» ይለዋል፤ አፉ ነው እንጂ ልቡ አይልም። ዕድሜ ልኩን መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ራሱ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ የሚኖር ሰው ምን ሰው ነው? እንዲህ እያለ ነው የሚያየው።

አንድ ቀን አሰልጣኙ ማቆሚያ መስመር ለማሳየት ከመኪናው ወርዶ ኋላ ቆሞ ሳለ፣ ተማሪው ወደፊት በማለት ፋንታ ማርሹን ወደኋላ አስገባና ቅልጥሙን ሰበረው። እህቱ እያለቀሰች ስትደውልለት ክራንቻ ስልኩን ከአፉ አርቆ ሳቀ። በማግሥቱ ሥራ ቦታ ለሁሉም አወራላቸው። «በገዛ ተማሪው ተገጨ እኮ! አስተምሮ አስተምሮ ይኸው!»

እግሩ እስኪጠግን ቤት መዋል ግድ ሆነ። በጀሶ የታሸገ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ሲቀያይር፣ ጋዜጣ ሲያገላብጥ፣ ደግሞ ያንኑ ጋዜጣ ከጀርባው ሲያነብ ይውላል። አመሻሽ ላይ ከጓሮ የክራንቻ ተኩስ ይሰማዋል። እራት ላይ አንድ ቀን፣ «እንዲያው ያ የምትጫወተው ነገር ምንድን ነው?» አለው።

«ላንተ አይሆንም ጋሼ።»

«ምነው?»

«ፍጥነት ይፈልጋል።»

አሰልጣኙ ሳቀ። «እኔ እንኳ ፍጥነት ሳስቀንስ ነው የኖርኩት። እስቲ አሳየኝ።»

ክራንቻ ወደ እህቱ ዞረ፣ ታስጥለኛለች ብሎ። እሷ ጭልፋውን እንደያዘች፣ «አስተምረዋ! ምን ያፈጥጥሃል?» አለች። «ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይዋል? ያንን አሮጌ ኮምፒውተርህን አውጣለት።»

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌው ኮምፒውተር ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ። ክራንቻ እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆመ። አሰልጣኙ መነጽሩን አጠለቀና ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አንሳፈፈ።

«ወደፊት መሄጃው የቱ ነው?»

«ደብልዩ።»

«ደብልዩ... ደብልዩ... እ! ይቻትና።»

ክራንቻ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቀለ። በጨዋታው ውስጥ የአሰልጣኙ ወታደር ፊቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ መራመድ ጀመረ። ሲያዞሩት ሰማይ ሰማይ ያያል። ጥይቱን ባዶ በር ላይ ጨረሰ። ቦምብ ወረወርኩ ብሎ እግሩ ሥር ጣለና ሦስት የራሱን ሰዎች ይዞ ሞተ።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ አሰልጣኙ ለስክሪኑ።

«ማንን ነው ይቅርታ የምትለው? አይሰሙህም እኮ።»

«እንግዲያ ሰው እንዴት ይነጋገራል?»

«ላንተ አያስፈልግህም» አለው ክራንቻ። ለኮምፒውተር ይቅርታ የሚል ሰው! ከንፈሩን ጣል አደረገ። ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት፤ ፊቱም ፈታ አለ። «እንደሱ ከምትቸገር ቁልፎቹን ላንተ እንዲመቹ አድርጌ ላስተካክልልህ።»

«ተባረክ ወንድሜ» አለና አሰልጣኙ ምርኩዙን ተደግፎ ጋደም ሊል ገባ።

ክራንቻ ኮንሶሉን ከፈተ። ቁልፎቹን እውነትም በመጠኑ አመቻቸ፤ ከያንዳንዳቸው ጋር ግን አንዳንድ ዓረፍተ ነገር አሰረባቸው። አሰልጣኙ ጥይት ሲሞላ ቻቱ ላይ «ይቅርታ፣ ጥይቴን ግድግዳ ላይ ጨረስኩት» የሚል ይወጣል። ቦምብ ሲወረውር «ሽሹ! የወረወርኩት እኔ ነኝ»። ሲያጎነብስ «ፈርቼ ቁጭ ብያለሁ»። ሲዘል «ለምን እንደዘለልኩ እኔም አላውቅም»። በመጨረሻም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቻቱ ጨርሶ እንዳይታይ የሚያደርግ ትእዛዝ ጨመረበት። ሰውየው ሲናገር ይውላል፤ የተናገረውን ሁሉም ያነባል፤ ከሱ በቀር።

«ጽሑፉ ዓይንህን እንዳያደክመው አጥፍቼልሃለሁ» አለው አሰልጣኙ ሲመለስ። «ስምም አውጥቼልሃለሁ። ለማጅ።»

አሰልጣኙ ከት ብሎ ሳቀ። «የመኪናዬ ጣሪያ ላይ የተጻፈውን? ደግ አድርገሃል፣ አልረሳውም!»

ክራንቻ የተሰደበ ሰው ሲያመሰግን ማየት እንደዚያ ያስጠላኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ወደሚጫወትበት ሰርቨር ለማጅ ይገባል፤ ከዚያ ቻቱ በይቅርታ ይጥለቀለቃል። «ለምን እንደዘለልኩ እኔም አላውቅም። ለምን እንደዘለልኩ እኔም አላውቅም። ይቅርታ፣ ጥይቴን ግድግዳ ላይ ጨረስኩት።» ሰዎቹ መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ። ክራንቻ ቀጥሎ የሚመጣውን ስድብ ይጠብቅ ጀመር፤ እሱ ያስተማራቸውን ስድብ።

አልመጣም። ሰርቨሩን የምታስተዳድረው አለቃ የሚሏት ሴት ናት፤ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ትሸጣለች። መጀመሪያ የጻፈችው እሷ ናት፦ «አይዞህ ለማጅ፣ እኛም ለምን እንደምንዘል አናውቅም።» ሌላው ተከተላት። «ለማጅን ጥይት እስኪሞላ አትንኩት!» ከተቃራኒ ቡድን ያለው ደግሞ እውነትም ቆሞ ጠበቀው። ለማጅ ቦምብ በወረወረ ቁጥር ሁሉም «ሽሹ!» እያሉ እየተሳሳቁ ይበተናሉ። ጥሩ ጠመንጃ ያገኘ ሰው እየሮጠ መጥቶ እግሩ ሥር ይጥልለታል። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ሰርቨር ሰው ለሰው ጠመንጃ ሲሰጥ ክራንቻ አላየም።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» አለ አሰልጣኙ እራት ላይ። «ዝም ብለው መጥተው መሣሪያ ይሰጡኛል። አያውቁኝ፣ አላውቃቸው።»

ክራንቻን ውሃ ትን አለው።

እህቱ የባሏ ፊት ሲፈካ አየችና ማይክ ያለው ማዳመጫ ገዛችለት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ሰውየው መናገር ጀመረ፤ ያውም ያንኑ ተማሪ የሚያረጋጋበትን ድምፁን ይዞ። «ከኋላሽ ሰው አለ፣ አትደንግጪ፣ ቀስ ብለሽ ዙሪ። እንዲያ ነው። ቢያመልጥሽም ግድ የለም፣ እንደገና።» ተኩሱ አሁንም ከግድግዳና ከሰማይ አይዘልም፤ ነገር ግን ዞር ዞር ብሎ ማየት የማይሰለቸው ሰው ነበርና ኋላን የሚጠብቅ ተገኘ። ተጫዋቾቹም በስሙ ላይ ጋሼ ጨመሩበት።

«ጋሼ ለማጅ፣ ቀልድህ እኮ ይገድለናል» ይሉታል።

«የምን ቀልድ?» ይላል እሱ። በዚህ ደግሞ ይብሱን በሳቅ ይፈርሳሉ።

«ምን እንደምላቸው እንጃ» ይላል ለሚስቱ፣ «እነሱ ግን ይስቃሉ።»

ክራንቻ በግድግዳው በኩል ይህን ይሰማና ጥርሱን ያፋጫል። ውርደት ብሎ ያሰረበት ነገር ጌጥ ሆነለት። ዓረፍተ ነገሮቹን ለማጥፋት አሰበና ተወው፤ ይሰለቻቸዋል አለ። እንደዚህ ያሉ ገልቱዎች የሚስቁት አዲስ ነገር ላይ ነው፣ ነገ ዞር ብለውም አያዩትም አለ። ሳምንቱ ሄደ፣ ሌላው መጣ፣ አልሰለቻቸውም። በጨዋታው መጨረሻ በሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ ክራንቻ ሁልጊዜ አንደኛ ነው፣ ለማጅ ሁልጊዜ ውራ ነው። ሁሉም «ለማጅ፣ ነገ ትመጣለህ?» ብሎ ይወጣል። ክራንቻን ትመጣለህ ያለው የለም።

አለቃ ከሌላ ሰርቨር ሰዎች ጋር ግጥሚያ ያዘች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጌም ቤት ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው። የሚሰለፉትን አምስት ሰዎች ስም ስታወጣ ለማጅ አለ፣ ክራንቻ የለም። በማይክ ጠራት።

«ስሜን ረሳሽው መሰለኝ።»

«አልረሳሁትም።»

«ከሁላችሁም በላይ የምገድለው እኔ ነኝ እኮ። ሰንጠረዡን አታዪም?»

«አያለሁ። ጎበዝ ነህ፣ ማንም አይክድህም። ግን ካንተ ጋር ተጫውቼ ስነሳ ራሴን ያመኛል። መድኃኒት እሸጣለሁ እንጂ መዋጡን አልወደውም።»

«እና በኔ ፋንታ ያንን ሽማግሌ? ቁልፍ እንኳ ለይቶ አያውቅም!»

«አብሮን ሲሆን ደስ ይለናል። በቃ።»

ደስ ይለናል! ክራንቻ ማዳመጫውን አልጋው ላይ ወረወረው። እሱ ጣቱን ለዓመታት ያሠለጠነው ለምንድን ነው? ደስ ለማለትማ ኳስ ሜዳ ሄደው አይጮኹም?

ዓርብ ከሥራ ሲገባ አሰልጣኙ በረንዳው ላይ ጠበቀው። «ነገ እዚያ ያለው ኮምፒውተር የኔን ቁልፎች ያውቃቸዋል እንዴ?»

«አያውቅም። በፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ።»

«ታዘጋጅልኛለህ?»

«ምን ችግር አለው።»

ክራንቻ አዘጋጀለት። ቻቱን የሚሸሽገውን ትእዛዝ አወጣው። ዓረፍተ ነገሮቹንም ለወጣቸው። ለጥይት መሙያው «በገዛ ተማሪዬ የተገጨሁ አሰልጣኝ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ለማጎንበሻው «ቤት ውስጥ ሸክም ብሆንባቸው ነው እዚህ የመጣሁት»። ለቦምቡ ትንሽ አሰበ። ከዚያ «ቁጭ አድርጋ የምትቀልበኝ ሚስቴ ናት» ብሎ ጻፈና አነበበው። ራሱን በገዛ ዓይኑ ይየው፣ እነሱም የሚያቅፉት ምን እንደሆነ ይወቁ፣ አለ። ፍላሹን ነቅሎ ለአሰልጣኙ በእጁ ሰጠው።

ጌም ቤቱ ረጅምና ጠባብ ክፍል ነው። ወንበሮቹ በፕላስተር ተጠግነዋል፣ የኪቦርዶቹ ፊደላት በላብ ተፍቀው አልቀዋል፣ ማራገቢያው ሙቅ አየር ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ያመላልሳል። ጨዋታው ለተመልካች የሚታይበት ትልቅ ስክሪን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሰልጣኙ በምርኩዝ እያነከሰ፣ ሚስቱ የእግሩን ትራስ ይዛ ከኋላው ሲገቡ ክፍሉ ተነሣ። «ጋሼ ለማጅ!» አሉ፤ በመልክ አይተውት የማያውቁ ሰዎች እንደ ዘመድ አቀፉት። አንዱ ወንበር ሳበለት፣ ሌላው ለእግሩ ሳጥን ፈለገለት። ክራንቻ ከሁሉም ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አለቃ ማናት ብሎ ፈለጋትና ሲያገኛት እንደ ልማዱ ጥርሷን አየ። ምንም አይወጣለትም። ይሄም አናደደው።

ጨዋታው ተጀመረ። አሰልጣኙ እንደ ልማዱ ጥይቱን ጨረሰና ሞላ። ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ፦ «ለማጅ፦ በገዛ ተማሪዬ የተገጨሁ አሰልጣኝ ነኝ።»

«ለማጅ ጀመረ!» አሉና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አሰልጣኙ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ዓይኑን አጠበበ። ተኩስ መጣበትና አጎነበሰ። «ለማጅ፦ ቤት ውስጥ ሸክም ብሆንባቸው ነው እዚህ የመጣሁት።» ሳቁ ሳሳ። አንዱ ብቻውን ስቆ አቆመ። የአሰልጣኙ ጣት ግን ለምዷልና የቦምቧን ቁልፍ ነካ።

«ለማጅ፦ ቁጭ አድርጋ የምትቀልበኝ ሚስቴ ናት።»

ሚስቱ ትራሱን እንደያዘች ከወንበሩ ጀርባ ቆማለች። አሰልጣኙ የጋለ ምድጃ እንደነካ ሰው ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። ወታደሩ መንገድ መሀል ቆሞ ቀረና ተመትቶ ወደቀ።

«ይሄን እኔ አልጻፍኩትም» አለ ቀስ ብሎ።

አለቃ ወደሱ ዞረች። «ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ያለውንስ? ይቅርታውን፣ ሽሹውን... አንተ አይደለህም የምትጽፈው?»

«የቱን ይቅርታ?»

ነገሩን በዝግታ ነገረችው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር፣ ከየትኛው ቁልፍ ጋር እንደሚመጣ። እሱ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ አዳመጣት። ማን እንደሠራው የጠየቀ የለም፤ ቁልፎቹን ያሰረለት የሚስቱ ወንድም ክራንቻ እንደሆነ አሰልጣኙ በማይክ ነግሯቸው ያውቃል። እህቱ ብቻ ዞር ብላ ወንድሟን ፈለገች፤ ግድግዳው ሥር አገኘችው፤ ከእግር እስከ ራሱ አይታው ፊቷን መለሰች።

ክራንቻ መልስ አዘጋጅቶ ነበር። «ቀልድ ነው፣ ቀልድ አታውቁም?» ሊል ነበር። የሚጮህበት ቢገኝ እሱም ይጮህ ነበር። ግን ማንም ምንም አላለውም፤ እዚያ እንዳልቆመ ሁሉ። እሱ ሰው የሚንቀው ስሙን እየጠራ ነው፤ እነዚህ ንቀት እንኳ አልቸሩትም።

«እንዴት ነው የሚጠፋው?» አለ አሰልጣኙ።

«ሁሉንም ቁልፍ ባንድ ትእዛዝ መፍታት ይቻላል» አለች አለቃ። «ግን መሄጃም አይቀርህም፤ እንደ አዲስ ነው የምናስረው። ልጻፍልህ?»

«እኔው ልጻፈው። አንቺ ንገሪኝ።»

ፊደል በፊደል ነገረችው። ባንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ። ተጋጣሚዎቹ እንጠብቃለን አሉ፤ ሁለቱ እንዲያውም ተነሥተው ሊረዱ መጡ። ጥቁሩ መስኮት ላይ የታሰረው ሁሉ ተፈታ። ከዚያ ከባዶ ጀመሩ። «ወደፊት የቱ ይሁን?» ሲሉት ትንሽ አሰበ።

«መኪና ላይ እንደለመድኩት አድርጉልኝ» አለ። «ወደፊት መሄጃው እንደ ነዳጁ በቀኝ፣ ወደኋላው እንደ ፍሬኑ በግራ፣ ጎን ለጎን። እግሬ የሚያውቀውን ጣቴ አያጣውም።»

«እንደሱ አይሆንም!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ክራንቻ ነው። አፉ ቀድሞት ነው የወጣው። «ሁለቱን ጎን ለጎን ካደረግህ ወደ ጎን ስትሄድ ጣትህ ይጋጫል! እንደዚያ የሚያስር ሰው የለም!»

ሁሉም ዞረው አዩት፤ ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ተመለሱ። ጎን ለጎን አሰሩለት።

ተሸነፉ፤ ያውም ክፉኛ። የአሰልጣኙ ጣት ክራንቻ እንዳለው ተጋጨ፤ ወደ ግራ ሲል ወደኋላ፣ ወደኋላ ሲል ወደ ግራ እያለ ስንት ጊዜ ሞተ። ቡድኑ ግን «ፍሬን፣ ጋሼ፣ ፍሬን!» እያለ ይጮሃል፣ እሱም በሁለተኛው ዙር ላይ መሳቅ ጀመረ። ሲጨርሱ ከአሸናፊዎቹ ጋር ተያይዘው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ተሸንፈው የሚስቁ ሰዎች! ክራንቻ ብቻውን በእግሩ ወደ ቤት ሄደ፤ መንገዱን ሙሉ የሠሩትን ስሕተት ሲቆጥርባቸው ነበር።

እህቱ ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር በሩ ላይ መጣች። አልጮኸችም።

«ክፍሏን እፈልጋታለሁ።»

«ለምንድን ነው የምትፈልጊያት?»

«እፈልጋታለሁ አልኩህ።»

«እትዬ፣ ለአንድ ቀልድ?»

«እዚያ ቆሜ አነበብኩት» አለችው። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች።

ዕቃውን ሲሸክፍ አሰልጣኙ ምርኩዙን ተደግፎ ደፉ ላይ ቆመ። ክራንቻ ሽቦ እየጠቀለለ ቀና አላለም። ሰውየው እንደሚለማመጠው፣ ሚስቱን ለምኖ እንደሚያስቀረው እርግጠኛ ነበር፤ ልፍስፍስ ነዋ።

«የጻፍከው ውሸት አይደለም» አለ አሰልጣኙ። «ተገጭቻለሁ፤ ትቀልበኛለች። ፊት ለፊት ብትለኝ ኖሮ አዎ እልህ ነበር። አንተ ግን በኔ ጣት አስጻፍከው። ለሷ፣ እኔው የነገርኳት አስመሰልከው።»

«ቀልድ ነው አልኳችሁ።»

«የፊተኞቹስ ደግ ነበሩ አሉ። ሲነግሩኝ እኔም ሳቄ መጣ። በነሱ ብታበቃ ኖሮ ስቄ እተውልህ ነበር።»

ክራንቻ ያኔ ቀና አለ። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ሰውየው ጥርስ፣ ወደዚያ ክፍተት ሄደ። «በዚህ አፍህ ደግሞ!» ግን አልመጣለትም። አሰልጣኙ ምርኩዙን እያንኳኳ ተመለሰ። ከሚስቱም አላማለደውም።

ክራንቻ ሥራው አጠገብ ክፍል ተከራየ። ኢንተርኔት በገባ ማግሥት የማያውቁት ሰዎች ያሉበት ሌላ ሰርቨር አገኘና ብዙም ሳይቆይ አንደኛ ሆነ። ስድቦቹን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣቸውም። እዚያ ግን ሰው ሁሉ ስድቡን ባይንድ ያደረገ ነበር፤ እሱ አንዷን ሲጫን እነሱ አምስት ይመልሱለታል፣ ማን ለማን እንዳለው እንኳ አይታወቅም። ቆሻሻዎች፣ አለ፤ መሳደብ እንኳ አያውቁም። አሰልጣኙ ጀሶው ተፈቶለት ወደ መኪናው እንደተመለሰ ከአንድ ዘመድ ሰማ። እህቱ አልደወለችለትም፤ እሱም አልደወለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታው ጀሶ እያቦካ ሳለ ስልኩ ጠራ። አሰልጣኙ ነው።

«ደህና ነህ? አላስቸግርህም። ድምፄ ለሌሎቹ አይሰማም አሉኝ። ለአለቃ ብደውልላት ፋርማሲው ሰው በዝቶባታል። የቱን ልንካ?»

ክራንቻ የሚሰማውን ማመን አልቻለም። ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ «ይሄንንም አታውቅም?» አለ።

«አላውቅም። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

ክራንቻ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር፣ በንቀት፣ እያንዳንዷን ነገር ነገረው፤ የቱን እንደሚከፍት፣ ወዴት እንደሚወርድ፣ የትኛዋን ምልክት እንደሚያነሣ። አሰልጣኙ «እሺ... እሺ... ይቻትና» እያለ ተከተለው። ከወዲያ በኩል የሰዎች ድምፅ ተንጫጫ።

«ተሰማ አሉ። በል፣ ደህና ዋል።»

ስልኩ ተዘጋ። ክራንቻ ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ፤ ሌላ የሚለው ያለ መስሎት ነበር። ሲያወርደው ጀሶው ጎድጓዳው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

«ሰው በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል?» አለ ጎኑ ለተቀመጠው ባልደረባው። ባልደረባው ቀና ሳይል «ማን ነው?» አለው።

«ማንም አይደለም» አለ ክራንቻ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ «የእህቴ ባል ነው» አለና የደረቀውን ፈልፍሎ ጥሎ ሌላ ሊያቦካ ውሃ ቀዳ።